አልፍሬድ ቡኺ፦ ከጭስ ጉልበትን የቀዳ መሐንዲስ

ከወልቂጤ ተነሥቶ በጉብሬ በኩል ወደ እምድብርና ወደ ሆሳዕና የሚያቀና የጭነት መኪና ባሕር ዛፉን ጭኖ አቀበቱን ሲያያዘው፣ ከሞተሩ ጉርምርምታ በላይ አንድ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ሹፌሩ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ፉጨቱ ይቀጥናል፤ እግሩን ባነሣ ጊዜም እንደ ረዥም ትንፋሽ ወርዶ ይጠፋል። በመንገዱ ዳር ያደጉ ልጆች ሳይቀሩ ይህ ድምፅ የቱርቦ መሆኑን ያውቃሉ። የናፍጣን ሞተር የሚያውቅ ሁሉ ሩዶልፍ ዲዝልንም በስም ያውቀዋል፤ ስሙ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይጠራልና። በሞተር ታሪክ ስመ ጥር የሆነው የአልፍሬድ ቡኺ ዕጣ ግን ሌላ ሆነ። ሥራው በየመንገዱ ሲያፏጭ፣ ስሙ በመሐንዲሶች መጻሕፍት ውስጥ ብቻ ተወስኖ ቀረ።

ቡኺ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 11 ቀን 1879 በስዊስ አገር፣ ቪንተርቱር በምትባል የፋብሪካ ከተማ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተቆጠሩ ናቸው። አባቱ ዮሐን ቡኺ በከተማይቱ ስሙ በገነነው የዙልሰር ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊ ስለ ነበር፣ ልጁ ያደገው በእንፋሎት ሞተርና በፓምፕ፣ በብረት ማቅለጫና በመዶሻ ድምፅ መካከል ነው። የታሪክ አጋጣሚ ሆኖ በዚያው በ1879 ሩዶልፍ ዲዝል ገና ተማሪ ሳለ በዚሁ በዙልሰር ፋብሪካ የእጅ ሥራ ይለማመድ ነበር። ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ዓመቱ ሌላ ትዝታ አለው። ከዙሪክ ፖሊቴክኒክ የወጣው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አንኮበር ደርሶ በንጉሥ ምኒልክ ዘንድ ሥራ የጀመረው በ1879 ነው።

ወጣቱ ቡኺም ኢልግ በተማረበት በዚያው ትምህርት ቤት በ1899 ገብቶ የማሽን ምሕንድስና አጥንቶ በ1903 ተመረቀ። ከዚያም ወደ ቤልጂግና ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በመሐንዲስነት ሲሠራ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያልለቀቀው አንድ ሐሳብ ያዘው። ሞተር ካቃጠለው ነዳጅ ከሚገኘው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው በግርድፉ ሲሶው ብቻ ነው። ሌላው ሲሶ ከማቀዝቀዣው ውኃ ጋር፣ የቀረው ደግሞ ከጭሱ ጋር ወደ ሰማይ ይሄዳል። ይህን ስሌት የዘመኑ መሐንዲሶች ሁሉ ያውቁት ነበር፤ እንደ ተፈጥሮ ግዴታም ተቀብለውት ይኖሩ ነበር። ቡኺ ግን ሊቀበለው አልቻለም።

እንሰት በሚተከልበት አገር ለተወለደ ሰው ይህን ስሜት ማስረዳት አያስቸግርም። ከእንሰቱ ቆጮው ይጋገራል፣ ቡላው ይለያል፣ አምቾው ይቀቀላል፣ ቃጫው ገመድ ይሆናል፣ ቅጠሉም ይጠቀለልበታል፤ ተጥሎ የሚቀር ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቡኺ ሞተሩን የተመለከተው በዚህ ዓይነት ባለቤት ዓይን ነበር። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጭስ ገና የጋለና የተጨነቀ፣ ስለዚህም ገና ጉልበት ያለው ከሆነ፣ ያ ጉልበት ለምን ሥራ እንደሚውል ማሰብ ያዘ። ያገኘውም መልስ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ጭሱ ተርባይን ያዙር፤ ተርባይኑ በአንድ ዘንግ የተገናኘውን አየር ገፊ ያዙር፤ አየር ገፊውም ወደ ሲሊንደሩ ከተለመደው የበለጠ አየር ይጠቅጥቅ። ብዙ አየር የገባበት ሲሊንደር ብዙ ነዳጅ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ የሞተሩ ግዝፈት ሳይጨምር ጉልበቱ ይጨምራል።

በኖቬምበር 1905፣ የ26 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ይህን ሐሳብ ለጀርመን መንግሥት የፈጠራ መብት ጽሕፈት ቤት አቀረበ፤ ፓተንቱም በቁጥር 204630 ተሰጠው። በሥዕሉ ላይ አየር ገፊው፣ ባለ ፒስቶኑ ሞተርና ተርባይኑ ሦስቱም በአንድ ዘንግ ላይ ተያይዘው ይታያሉ። ዛሬ ከምናውቀው ቱርቦ፣ ከሞተሩ ኮሎ ተለይቶ በራሱ ዘንግ ነፃ ሆኖ ከሚዞረው፣ አሠራሩ ይለያል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው።

ሐሳቡ ከዘመኑ ቀድሞ ሄዶ ነበር። ተርባይኑ ሳይለሰልስ የጋለ ጭስ ሊሸከም የሚችል ብረት ገና አልተገኘም። የዚያ ዘመን አየር ገፊም የተሰጠውን ጉልበት እኩሌታ በሙቀት መልክ ያባክን ነበር። ከዚህም በላይ የሙያው ሰዎች የሚያነሡት መከራከሪያ በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። በጭስ መውጫው ላይ ተርባይን መግጠም ማለት የሞተሩን ጉሮሮ ማነቅ ነው፤ ስለዚህ በአንድ እጅ የሚገኘው ትርፍ በሌላው እጅ ይጠፋል ይሉ ነበር። ተቃዋሚዎቹን ሰነፎች ብሎ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም፤ በእጃቸው በነበረው መሣሪያ ሲመዘን ልክ ነበሩና።

ቡኺ ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በዙልሰር በናፍጣ ሞተር ምርምር ተሰማራ። በ1911 ኩባንያው የቱርቦ መሞከሪያ አቆመለት፤ በ1915ም ቱርቦ የተገጠመለት የመጀመሪያው የሙከራ ናፍጣ ሞተር ተሠራ። ያን ጊዜ አውሮፓ በጦርነት ላይ ነበረችና ከዚህ ሞተር ይጠበቅ የነበረው በከፍታ ላይ ቀጭን አየር የሚያዳክመውን የአውሮፕላን ሞተር መርዳት ነበር። ሞተሩ ግን የአየሩን ግፊት አጽንቶ መያዝ ስላቃተው ተቀባይነት አላገኘም። በዚያው ዓመት ቡኺ የተርባይን ሥራ ወደሚያውቀው ወደ ብራውን ቦቬሪ ኩባንያ ሄዶ አብረን እንሥራ ሲል ጠየቀ። ስምምነት ላይ የተደረሰው ከስምንት ዓመት በኋላ በ1923 ነው።

በነዚህ ዓመታት ሌሎችም በዚሁ ጎዳና ይሄዱ ነበር። በፈረንሳይ ኦጉስት ራቶ ለአውሮፕላን ሞተር የሚሆን ቱርቦ ሠርቶ ሞከረ። በአሜሪካ ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ በ1918 አንድ የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ አወጣው፤ እዚያም ቱርቦው ከፍታው የነጠቀውን ጉልበት ለሞተሩ ሊመልስለት እንደሚችል አሳየ።

ይህ የተራራ ላይ ሙከራ ለኢትዮጵያ ባለሙያ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ወልቂጤና ጉብሬ ከባሕር ወለል ወደ 1900 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ስለሚገኙ፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ብቻ ነው። የነዳጅ ፖምፓው ግን ከፍታውን ስለማያውቅ ለባሕር ዳርቻ የተለካውን ናፍጣ ይልካል፤ ከዚህም የተነሣ ነዳጁ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በአገራችን ለረዥም ዘመን የጭነቱን ሥራ የተሸከመው ፊያት ኤንትሬ ቱርቦ አልነበረውም። በየአቀበቱ ያን ጥቁር ጭስ እየተፋ በቀስታ ሲወጣ ያዩ ሁሉ ቡኺ የተጨነቀበትን ነገር በዓይናቸው አይተዋል።

ለቡኺ የተሳካለት ዓመት 1925 ነው። እስከዚያ ድረስ ጭሱን በአንድ ትልቅ ቧንቧ ሰብስቦ በእኩል ግፊት ወደ ተርባይኑ መላክ የተለመደ ሐሳብ ነበር። እሱ ግን ሲሊንደሮቹን በቡድን ከፍሎ ለየቡድኑ አጭርና ጠባብ ቧንቧ ሰጠ። ጭስ መውጫው ቫልቭ በተከፈተ ቅጽበት የሚፈነዳው የግፊት ሞገድ ሳይበተን ተርባይኑን እንዲመታ፣ የአንዱም ሲሊንደር ሞገድ የሌላውን ትንፋሽ እንዳያውክ አደረገ። በሁለት ሞገዶች መካከል ግፊቱ ዝቅ በሚልበት ጊዜም የአየር መግቢያውና የጭስ መውጫው ቫልቮች አብረው ለጥቂት ተከፍተው እንዲቆዩ ወሰነ። በዚያች አጭር ጊዜ ንጹሕ አየር የማቃጠያውን ክፍል ጠርጎ ያልፋል፤ የቀረውን ጭስ ያስወጣል፤ የቫልቮቹንም ትኩሳት ያበርዳል። ሞተሩን ያንቃል ተብሎ የተፈራው መሣሪያ ለሞተሩ መተንፈሻ ሆነለት። ያ የቆየ ክርክር በቃል ሳይሆን በቧንቧ አቀማመጥ ተዘጋ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጥኖ ሄደ። ፕሮይሰንና ሃንዘሽታት ዳንዚግ በተባሉ ሁለት የጀርመን የመንገደኛ መርከቦች ላይ ባለ አሥር ሲሊንደር ሞተሮች በቱርቦ አማካይነት ከ1750 ወደ 2500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አሉ። ጭማሪው ከ40 በመቶ በላይ ነው፤ ያውም የሞተሩ ክብደት እምብዛም ሳይጨምር። በ1926 ቡኺ ከዙልሰር ወጥቶ ከብራውን ቦቬሪና ከቪንተርቱሩ የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ጋር የቡኺ ሲንዲኬት የተባለውን ማኅበር መሠረተ። አንደኛው ቱርቦውን ይሠራል፣ ሁለተኛው ሞተሩን ለሙከራ ያቀርባል፣ ቡኺ ራሱ የምሕንድስናውን ሥራና የደንበኞቹን ጉዳይ ይይዛል። በወጣትነቱ ያገኘው የ1905ቱ ፓተንት ግን በዘመኑ ሕግ ዕድሜው 15 ዓመት ብቻ ስለ ነበር፣ ሐሳቡ ገንዘብ ማምጣት ሳይጀምር ዘመኑ አልፎበት ነበር። በ46 ዓመት ዕድሜው እንደገና የጀመረው በአዲስ ፓተንት ነው።

ቱርቦ ከመርከብና ከባቡር ወርዶ ወደ ጭነት መኪና የደረሰው በ1938 ሲሆን፣ ይህንንም ያደረገው ሌላ የስዊስ ኩባንያ፣ ዛውረር ነው። መሣሪያው እያነሰ ሲሄድ ጠባዩም አብሮ ተለወጠ። ዛሬ በጭነት መኪና ሞተር ላይ የሚገኘው ተሽከርካሪ በመዳፍ ይያዛል፤ በደቂቃ ግን 100,000 ዙርና ከዚያም በላይ ይዞራል። ዘንጉ የሚያርፈው በኩሽኔታ ኳሶች ላይ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በቀጭን የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። በአንድ በኩል ብረት የሚያቀላ ጭስ፣ በሌላው በኩል ቀዝቃዛ አየር፣ በመካከል ይህ የዘይት ንጣፍ አለ። ንጣፉ ለጥቂት ሰከንዶች ቢጠፋ፣ ወይም ዘይቱ ቆሻሻ ይዞ ቢመጣ፣ ዘንጉ ይፋቃል፤ ምላሱ ከቤቱ ይነካካል፤ ፉጨቱም ወደ ጩኸት ይለወጣል። አሮጌዎቹ ሹፌሮች ኤንትሬ ከቱርቦ ይበልጥ ይጸና ነበር የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ አባባላቸውም እውነት አለበት። ኤንትሬ ቆሻሻን ይቅር ይል ነበር፤ የቡኺ መሣሪያ ይቅር አይልም።

ይህ ልዩነት የሚታየው በፋብሪካ ሳይሆን እንደ ጉብሬ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ነው። በዚያ አካባቢ መኪናው ከአስፋልቱ እየወጣ ወደ ገጠር መንገድ ይገባል፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ይለብሳል። የአየር ፊልትሮው ይታፈናል፤ በኮምፕረሰር እየተነፋ ይመለሳል፤ ሲደጋገምም ወረቀቱ ይቀደድና የደቀቀ አሸዋ የአየር ገፊውን ምላስ እንደ ሞረድ ይበላዋል። አቀበቱን በሙሉ ጉልበት የወጣ ሹፌርም ከተማው እንደ ገባ ሞተሩን ያጠፋል። ያን ጊዜ ዘይቱ ይቆማል፤ ተርባይኑ ግን ገና ግሏል፤ በዘንጉ ዙሪያ የቀረው ዘይት አርሮ ከሰል ይሆናል። ሁለት ሦስት ደቂቃ በቀስታ እንዲሠራ ቢተወው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ምክንያቱ ሳይመረመር የሚደረገው እድሳት ነው። ባለንብረቱ ዕቁቡን አውጥቶ አዲስ ቱርቦ ይገዛል፤ መካኒኩ አሮጌውን ፈቶ አዲሱን በቦታው ያስራል፤ መኪናው ይሄዳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲሱም እንደ አሮጌው ይሞታል፤ የሚወቀሰውም ዕቃውን የሸጠው ነጋዴ ይሆናል። የመጀመሪያውን የገደለው የታፈነ የዘይት ቧንቧ ግን ከቦታው ሳይነሣ ሁለተኛውንም ገድሎታል። የአንድ ቤተሰብ እንጀራ በአንድ መኪና ላይ በቆመበት ቦታ፣ የእጅ አመልካች ጣት በምታህል ቧንቧ ምክንያት ሁለት ጊዜ መክሰር ቀላል ነገር አይደለም።

ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ እድሳቱን የሚጀምረው ከመፍቻ ሳይሆን ከእጥበት ነው። በብዙ ጋራዥ ሞተር የሚታጠበው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ለባለቤቱ አዲስ መስሎ እንዲታይ ነው። ከሁለቱ እጥበት የሚበልጠው ግን የፊተኛው ነው፤ ኮፈኑ ሥር የተጋገረው ጭቃና ዘይት አንድ ቧንቧ በተፈታ ቁጥር ወደ ውስጥ ይረግፋልና። ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ዲናሞው፣ የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹና የአየር መግቢያው በላስቲክ ይሸፈናሉ። ቅባቱ በቤንዚን ሳይሆን በቅባት ማጠቢያ ወይም በላምባ በብሩሽ ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ በለዘብተኛ ውኃ ይታጠባል። በጋለ ቱርቦ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ቤቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከታጠበ በኋላ ሞተሩን ጥቂት አሠርቶ የተመለከተ ሰው፣ ቀድሞ በቆሻሻው ተሸፍኖ የነበረው የዘይት ፍሳሽ ከየት እንደሚመጣ በዓይኑ ያያል።

ቴስታታው ከተነሣ በኋላ የሚደረገው አብዛኛው ሥራ ለማኅበራችን አባላት እንግዳ አይደለም። ኮሎው በቶርኖ ቤት ይለካል፣ ብሮንዚናው ይለወጣል፣ የፋሻው ክፍተት በሲሊንደሩ ውስጥ ይፈተሻል። በቱርቦ ሞተር ላይ ግን የሚጨመሩ ነገሮች አሉ። በብዙዎቹ ሞተሮች ከፒስቶኑ በታች ዘይት እየረጩ የሚያቀዘቅዙት ትናንሽ አፎች ከታፈኑ ፒስቶኑ ይግላል፤ ይቧጨራል። ኢንተርኩለሩ አሮጌው ቱርቦ ሲሰበር የተፋውን የብረት ፍንጣሪና ዘይት በሆዱ ይዞ ይቀመጣል። ሳይታጠብ ከተመለሰ ፍንጣሪው ወደ አዲሱ ሲሊንደር ይገባል፤ ዘይቱም ብዙ ከሆነ ናፍጣው ቢዘጋ እንኳ ሞተሩን ያለ ልጓም ሊያስሮጠው ይችላል። ወደ ቱርቦ ዘይት የሚያመጣው ቧንቧ ከማጽዳት ይልቅ መለወጥ ይሻላል፤ መመለሻውም ሳይታጠፍ ቁልቁል መውረድ አለበት። በቧንቧው መጋጠሚያ ላይ ሲሊኮን መለቅለቅ በአገራችን የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው፤ ትርፉ ተቆርሶ የዘይቱን ቀዳዳ ይደፍናል። በመጨረሻም ንጹሕ ዘይት በቱርቦው አፍ ተንቆርቁሮ፣ ናፍጣው ተዘግቶ፣ የዘይቱ ግፊት እስኪነሣ ድረስ ሞተሩ በስታርተር ይዞራል። ማስነሣቱ ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የተርባይኑን ቤት የሚሸፍነው ቀጭን ላሜራ ብሎኑ ዝጎ ስለሚያስቸግር፣ አንዳንድ ጊዜ በእድሳት ወቅት ተጥሎ ይቀራል። የመርከቦች ዓለም አቀፍ የደኅንነት ስምምነት ከ220 ዲግሪ በላይ የሚግልና ነዳጅ ሊረጭበት የሚችል ገጽ ሁሉ እንዲሸፈን ያዝዛል፤ የተርባይን ቤት በአቀበት ላይ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይግላል። ከተሰነጠቀ ቧንቧ የሚረጭ ናፍጣ ያንን የጋለ ብረት ካገኘው መኪናው ከነጭነቱ ይነዳል። የተጣለው ላሜራ ዋጋ የሚታወቀው ያን ቀን ነው።

ቡኺ በኋለኛው ዘመኑ መሣሪያው ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ከባቡርም ወደ መብራት ኃይል ማመንጫ ሞተር ሲዛመት ለማየት ታደለ። ያረፈው ኦክቶበር 27 ቀን 1959 በተወለደባት በቪንተርቱር ነው፤ ዕድሜው 80 ዓመት ነበር። ቱርቦ ለገበያ በቀረበ የቤት መኪና ላይ ሲገጠም ግን አላየም። ይህ የሆነው በ1962 በአሜሪካ፣ በሸቭሮሌ ኮርቬርና በኦልድስሞቢል ጄትፋየር ላይ ነው። ጄትፋየር ሞተሩን ከመንኳኳት የሚጠብቅ የውኃና የአልኮል ድብልቅ በየጊዜው እንዲሞላለት ይፈልግ ነበር። ብዙዎቹ ባለቤቶች ሳይሞሉት ቀሩ፤ ፋብሪካው ከአንዳንዶቹ መኪናዎች ላይ ቱርቦውን አውርዶ ተራ ካርቡራተር ገጠመ፤ ሞዴሉም በ1963 ቆመ። ቡኺ ከጅምሩ የደከመለት የናፍጣ ሞተር ቱርቦ ተገጥሞለት በቤት መኪና ለገበያ የወጣው በመርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስ ዲ ሲሆን፣ ጊዜውም 1978፣ ከመጀመሪያው ፓተንት 73 ዓመት በኋላ ነበር።